የጨዋታ ውጤትና የወላጅ ጭንቀት፦ የዩኒቨርሲቲ ገጽ በውድድር ሰሞን እንዴት ይመራል?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወላጅ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ከላከ በኋላ ስለ ደኅንነቱ የሚሰማው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ልጁ ራሱ ሲደውል ነው። ሁለተኛው ጎረቤት፣ የሰፈር ወጣት ወይም ቤት የቀረው ታናሽ ልጅ በእጅ ስልኩ ያየውን ሲያነብለት ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚመጣው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። በዚያ ከሚጻፈው ሁሉ ደግሞ ወላጅ «ይህስ እውነት ይሆናል» ብሎ የሚቀበለው የዩኒቨርሲቲውን ስምና ዓርማ የያዘውን ገጽ ነው።

ይህ ገጽ በአዘቦቱ ቀን ዝግ ያለ ሥራ አለው። የተማሪዎች ጥሪ፣ የምዝገባ ቀን፣ የምርቃት መርሐ ግብርና የስብሰባ ዜና ይወጣበታል። የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ውድድር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጻፍበት የነበረው ገጽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ደጋግሞ ይጻፍበታል። ተማሪው፣ የቀድሞ ምሩቁና የተጋጣሚው ደጋፊ በአንድ ጊዜ ይሰበሰቡበታል፤ ደስታ፣ ቀልድና ፉክክር፣ አንዳንዴም ስድብ ይጎርፍበታል። ገጹን የያዘው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ጽሑፉን ለኃላፊ አሳይቶ ፈቃድ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። የሚወጣውንና የማይወጣውን በሰከንዶች ውስጥ ይወስናል።

ጉዳዩ የኳስ ወሬ ስለሆነ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ገጽ በጨዋታ ውጤት ከታመነ በጭንቅ ቀንም ይታመናል፤ በጨዋታ ውጤት ከዋሸ ደግሞ በጭንቅ ቀን የሚሰማው አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገውና አንባቢው ከገጹ ምን መጠበቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ገጹ የሚናገረው ለማን ነው?

በደቡብ ጎንደር ዞን ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ይሁን እንጂ ተማሪዎች በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ ልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ስለሚሄዱ፣ የወገዳ ወይም የመካነ ኢየሱስ ልጅ ከቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊማር ይችላል። ወላጁ ያንን ከተማ አይቶት አያውቅም፤ በዚያም ዘመድ ላይኖረው ይችላል። ከጉና ተራራ ግርጌ ሆኖ ገብሱን የሚያርም ወይም ድንቹን የሚኮተኩት አባት ስለ ልጁ ጊቢ የሚያውቀው በስልክ የተነገረውን ያህል ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች አለመረጋጋት ተፈጥሮ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያ ጊዜ የልጁን ስልክ ሲደውል የማይነሣለት ወላጅ የሚይዘው የሚጨብጠው አልነበረውም። አንዱ ገጽ «ሰላም ነው» ሲል ሌላው የቆየ ፎቶ አውጥቶ «ዛሬ የሆነ ነው» ይል ነበር።

የውድድር ሰሞን ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በውድድር ወቅት በርካታ ወጣቶች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ስሜት ይግላል፤ ከጨዋታ በኋላ መገፋፋትም ሊኖር ይችላል። ተማሪው ለጓደኛው «ዛሬ ሜዳው ተቀውጦ ነበር» ብሎ በጨዋታ ቋንቋ የጻፈው ቃል ነፋስ መውጫ ሲደርስ «ጊቢው ተረበሸ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ የሚይዝ ሰው የሚጽፈው አጠገቡ ሆኖ ለሚጨፍረው ተማሪ ብቻ አይደለም። ያልጻፈላቸው የሚመስሉት፣ ግን በጭንቀት የሚያነቡት፣ ከሩቅ ያሉት ወላጆች ናቸው።

ከባልቲሞር የተገኘ ትምህርት

ይህ ሥራ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ካሳዩት አጋጣሚዎች መካከል በጣም የሚታወቀው በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነው ነው።

ቅርጫት ኳስ እ.አ.አ. በ1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ በተባለ መምህር የተፈጠረ ጨዋታ ነው። መምህሩ በክረምት ብርድ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ተማሪዎቹ ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ግራና ቀኝ ከፍ አድርጎ አሰቀለላቸው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ጨዋታው ከትምህርት ቤት ስለተወለደ በአሜሪካ እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ከፍተኛ ተመልካች አለው። በየዓመቱ በመጋቢት ወር በሚካሄደው የወንዶች ውድድር 68 ዩኒቨርሲቲዎች ይሳተፋሉ። የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበታል። በአራት ምድብ የሚከፈሉት ቡድኖች እንደ ጥንካሬያቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ በመጀመሪያው ዙርም 1ኛው ከ16ኛው ጋር ይገጥማል።

ይህ አሠራር በ1985 እ.አ.አ. ከተጀመረ በኋላ እስከ 2018 ድረስ በወንዶች ውድድር 1ኛና 16ኛ ደረጃ ያላቸው ቡድኖች 135 ጊዜ ተገናኝተው 135ቱንም ጊዜ ያሸነፈው 1ኛው ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር አጠገብ የሚገኘው፣ በስፖርት ብዙም ስም ያልነበረው የሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ በዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ የመጣውን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ 54 አሸነፈ። እስከ ዕረፍት ድረስ 21 ለ 21 እኩል ነበሩ።

ያን ምሽት ከተጫዋቾቹ ባልተናነሰ የተነሣው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል የትዊተር ገጽ ነበር። ገጹን የያዘው ባለሙያ ዛክ ሳይደል ይባላል። አንድ የታወቀ የስፖርት ተንታኝ ጨዋታው ሳያልቅ ቨርጂኒያ እንዳሸነፈች ያህል አድርጎ ጽፎ ነበር፤ ገጹም ይህንን በጨዋነት እያስታወሰ ቀለደበት። ቡድኑ እየመራ ሲሄድ «ማን ናችሁ?» እያለ ለመጣው ሕዝብ ገጹ ዩኒቨርሲቲውን በአጭር ቃል እያስተዋወቀ መልስ ይሰጥ ነበር። ከጨዋታው በፊት ጥቂት ሺህ ተከታዮች ብቻ የነበሩት ገጽ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ሺህ በላይ ተከታይ አገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ በካንሳስ ስቴት 50 ለ 43 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ግን በብዙዎች ዘንድ ታውቆ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው «ቀልድ ያዋጣል» የሚለውን ነው። ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ገጹ ያን ሌሊት የተሳካለት ሦስት ነገሮች ስለተሟሉለት ነው። አንደኛ፣ ገጹን የያዘው ሰው ቡድኑን፣ ተጫዋቾቹንና ዩኒቨርሲቲውን አስቀድሞ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ የመናገር ሥልጣን ተሰጥቶት ስለነበር ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ፈቃድ አልጠበቀም። ሦስተኛ፣ ቀልዱ የራሱን ቡድን ትንሽነት መነሻ ያደረገ እንጂ የተጋጣሚውን ተማሪዎች የሚያዋርድ አልነበረም። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ቀልዱ ብቻውን መዘዝ ነው።

ከውድድሩ በፊት የሚያልቅ ሥራ

በአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ይወዳደራሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታዎችን አስተናግዷል። በእንዲህ ያለ ውድድር የገጹ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው የመጀመሪያው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ቀዳሚው የስም ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ከነአባቱ በትክክለኛው ፊደል ከአሠልጣኙ ተወስዶ መጻፍ አለበት። ስሙ የተዛባበት ልጅ ቤተሰብ ዜናውን አይቶ «የእኛ ልጅ አይደለም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይም ደግሞ የሌላውን ልጅ ጉዳት የራሱ አድርጎ ሊደነግጥ ይችላል።

ሁለተኛው ሰዓትና ቀን ነው። በአገራችን ይህ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። «ጨዋታው በ9፡00 ይጀመራል» የሚል ማስታወቂያ ለአንዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በውጭ አገር አቆጣጠር ለሚያነበው ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ «ከቀኑ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት ከቁጥሩ ፊት መቅረት የለባቸውም። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነዓመተ ምሕረቱ መጻፍ አለበት። ዓመቱ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰው ፈልጎ ሲያጋራው እንደ አዲስ ይነበባል።

ሦስተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሜዳ ዳር ሆኖ ውጤቱን ያስተላልፋል፣ ፎቶ ያነሣል። ሁለተኛው ጽሑፉን አዘጋጅቶ ያወጣል። ሦስተኛው አስተያየቶችን እየተከታተለ ጥያቄ ይመልሳል፣ ስድብ ያነሣል፣ የተሳሳተ ነገር ካለ ለጓደኞቹ ይነግራል። ሦስቱንም አንድ ሰው እንዲሠራ ሲደረግ መጀመሪያ የሚጎድለው ማጣራቱ ነው።

አራተኛው የገጹ ጥበቃ ነው። የይለፍ ቃሉ በብዙ ሰው እጅ መሆን የለበትም። ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ የሚላክ ቁጥር የሚጠይቀው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መከፈት አለበት። ብዙ ተመልካች የመጣበት ገጽ ለሌባም ዓይን የሚስብ ነው። የተሞላ መጠባበቂያ ባትሪና ተጨማሪ ሲም ካርድም ከዚሁ ዝግጅት ይቆጠራል፤ መብራት ሲጠፋ ገጹ ዝም ካለ ክፍተቱን የሚሞላው አሉባልታ ነውና።

ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

በእግር ኳስ አንድ ግብ በተቆጠረ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። በቅርጫት ኳስ ግን አይቻልም። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ጨዋታው አሥር አሥር ደቂቃ ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት፤ አንድ ኳስ እንደ አገባቡ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ በእኩል ነጥብም አያበቃም፣ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ውጤቱ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ኳስ በገባ ቁጥር የሚጽፍ ገጽ አንባቢ ጋር ሲደርስ ዘወትር የዘገየ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ጊዜ መጻፍ ነው። ከአራተኛው ክፍል በኋላ የመጨረሻው ውጤት ይወጣል።

የመጨረሻ ውጤት የሚባለውም ከተመልካች ጩኸት ወይም ከግድግዳው ሰሌዳ የተወሰደው አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ነጥብ በወረቀት የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ዋናው ዳኛ ያንን መዝገብ አይቶ ይፈርምበታል። ከፊርማው በኋላ የተጻፈ ውጤት የሚያከራክር አይሆንም። ሁለትና ሦስት ደቂቃ መታገሥ ከሌሎች ገጾች ኋላ ሊያስቀር ይችላል። ሆኖም ሕዝቡ «የእነሱን ሳላይ አላምንም» የሚለው እንዲህ የታገሠውን ገጽ ነው።

ስሕተት ከተፈጠረስ? «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ አንዴ የወጣውን ጽሑፍ ብዙ ሰው ፎቶ አንሥቶ ይዞታል። በዝምታ ማጥፋት ስሕተቱን አይሰርዘውም፤ ይልቁንም «ለምን አጠፉት?» የሚል ሌላ ጥርጣሬ ይወልዳል። የሚሻለው «ከቀኑ 10፡20 ላይ ያወጣነው ውጤት ስሕተት ነበር፤ ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ በግልጽ ማረም ነው።

ተጋጣሚን መጥራትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው እንጂ የከተማው ሕዝብ፣ የክልሉ ወይም የብሔሩ ስም አይደለም። «እገሌ ዩኒቨርሲቲን አሸነፍን» ማለት የጨዋታ ዜና ነው፤ «እነ እገሌን አሸነፍናቸው» ማለት ግን ሌላ በር ይከፍታል። በዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ውስጥ የጋይንትና የእስቴ ልጆች ይማራሉ፤ ለእነርሱ ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር የሚበሉበት ገበታና የሚተኙበት ክፍል አንድ ነው። ገጹ የጻፈው ቀልድ ዋጋው የሚከፈለው እነርሱ ባሉበት ነው።

የሴት ተጫዋቾች ጉዳይም መነሣት አለበት። በስፖርት ልብስ የተነሣች ተማሪ ፎቶ ለእርሷና ለቡድኗ የኩራት ምልክት ነው፤ በሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ግን አንዳንዴ የሚያሳፍር ይሆናል። ፎቶ ከማውጣት በፊት ፈቃዷን መጠየቅ፣ ካወጡ በኋላም አስተያየቱን መጠበቅ የገጹ ባለቤት ግዴታ ነው። አንዲት ተማሪ በስድብ ምክንያት ቡድኑን ከተወች ገጹ ያገኘው ተመልካች ሁሉ ኪሳራ ነው።

ክፉ ወሬ ሲመጣ

ከሁሉም የሚከብደው ተጫዋች ወይም ተመልካች ሲጎዳ ነው። በዚህ ጊዜ ሜዳ ዳር ያለ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ገጹም ቀድሞ የመናገር ፈተና ይገጥመዋል።

እዚህ ላይ የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። መርዶ ነጋሪዎች ነገሩን አጣርተው፣ ዘመድና ጎረቤት አሰባስበው፣ ብዙውን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ቀድሞ የሚሰማው የቅርብ ቤተሰብ ነው። የሚነግረውም ሽማግሌ ወይም የሚከበር ሰው ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን በድንጋጤ እንዳይወድቅ ነው።

ስልክ ይህንን ሥርዓት አፍርሶታል፤ የዩኒቨርሲቲ ገጽ ግን ሊጠብቀው ይችላል። ቀላል ጉዳትም ቢሆን የተጎዳው ልጅ ቤተሰብ በስልክ ሳይነገረው ስምና ፎቶ አይወጣም። ቤተሰቡ ከተነገረ በኋላ የሚወጣው ጽሑፍም አጭርና የተጣራ ይሆናል፦ ምን ሆነ፣ ልጁ አሁን የት ነው፣ ማን አብሮት አለ፣ ለተጨማሪ መረጃ በየትኛው ስልክ ይደወላል። «ምናልባት»፣ «እንደሚባለው» የሚሉት ቃላት በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ቦታ የላቸውም።

ረብሻ ሲነሣም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ፈጽሞ ዝም ማለት አይገባም። ዝምታ ለወላጅ የከፋ ወሬ ነው። የታወቀውን ያህል ቶሎ ተናግሮ፣ «ቀጣዩን መረጃ ከምሽቱ 1፡00 ሰዓት ላይ እንገልጻለን» ብሎ ቀጠሮ መስጠትና በሰዓቱ መገኘት ይገባል። ቀጠሮውን የጠበቀ ገጽ ወላጅን ከአሉባልታ ያድናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እዚህ ላይ ይሠራል። በአዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ሐሰት መሆኑ የሚታወቅ ወይም ሊታወቅ የሚገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነ ንግግር ነው። እንዲህ ያለውን መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደርሳል።

አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ገጽ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ አለው። የደጋፊዎች ማኅበራት ገጾችም በውድድር ሰሞን ወደዚያው ቁጥር ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ለቀልድ የተከፈተ የደጋፊ ገጽ የያዘ ተማሪም ይህንን ማወቅ ይበጀዋል። ከዚህ ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ ይገዛል። የተጫዋቾችን የመታወቂያ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር ወይም የሕክምና ወረቀት በፎቶ ማውጣት የደስታ ስሜት የሚያስረሳው ቀላል ስሕተት አይደለም።

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት

ገጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ግን በስማዳ ቆላ፣ ኔትወርክ ለመፈለግ ከፍ ወዳለ ጉብታ የወጣ ሊሆን ይችላል። የአንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ ብዙ ሜጋ ባይት ስለሚበላ ለእርሱ ገንዘብም ጊዜም ነው። ሦስት መቶ ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ግን አንድ ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዋናው መረጃ ሁልጊዜ በጽሑፍ መኖር አለበት። በቪዲዮ ውስጥ ብቻ የተነገረ፣ ወይም በፎቶ ላይ ብቻ የተጻፈ ውጤት ለብዙዎች አይደርስም።

በተራ ስልክ ለሚጠቀም ወላጅ አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ። በግእዝ ፊደል የሚላክ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 ይይዛል። ሰባ ፊደል ግን ይበቃል። ለምሳሌ «ሴቶች ቅርጫት ኳስ፦ እኛ 52፣ እንግዳው 47። ሁሉም ደኅና ናቸው።» የሚለው መልእክት በዚያው ልክ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ለተማሪው ትርፍ ይመስላሉ፤ ለእናት ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚፈለጉት እነርሱ ናቸው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንደታየው፣ በገጽ ላይ ብቻ የተመሠረተ ግንኙነት አንድ ቀን ሊቆም ይችላል። ሬዲዮ፣ የተማሪዎች ኅብረት የስልክ መስመር፣ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በር የሚለጠፍ ማስታወቂያ ጊዜ ያለፈባቸው ዘዴዎች አይደሉም። ገጹን የያዘው ክፍል ከእነዚህ ጋር አስቀድሞ መስመር መዘርጋት አለበት።

አንባቢው ከማመኑና ከማጋራቱ በፊት

የገጹ ባለሙያ የድርሻውን ቢወጣም አንባቢው የድርሻው አለው። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» የሚለው የአበው ምክር እዚህም ያገለግላል።

መጀመሪያ የገጹን ስም ፊደል በፊደል ማየት ይገባል። አስመሳይ ገጾች አንድ ፊደል ቀይረው ወይም ጨምረው ዓርማውን እንዳለ ይወስዳሉ። ገጹ መቼ እንደተከፈተና ከዚህ በፊት ምን ይጽፍ እንደነበር ወደ ታች ወርዶ መመልከት ብዙ ጊዜ እውነቱን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ፎቶው የመቼና የየት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የዛሬ ነው የተባለው ምስል ላይ ያሉት ሰዎች ልብስ፣ የአየሩ ሁኔታና የሕንፃው ዓይነት ሌላ ሊናገሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲመጣ መቆም ይገባል። «ልጅዎ በውድድሩ ተጎድቷል፤ ለሕክምና በዚህ ቁጥር በቴሌብር ይላኩ» የሚል መልእክት የደረሰው ወላጅ ብሩን ከመላኩ በፊት ለልጁ፣ ካልተነሣም ለክፍል ጓደኛው ወይም ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት ይደውል። ለዚህም ልጁ ከቤት ሲወጣ የሁለት ጓደኞቹንና የጊቢውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ቢተው መልካም ነው። ስልክ ሊጠፋ ይችላል፤ በቤት ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ግን ይቆያል።

አራተኛ፣ ማጋራት መናገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ያልተጣራ ወሬ ለመንደሩ ሁሉ ያሰራጨ ወጣት «እኔ አልጻፍኩትም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። ጎረቤቱ እናት የምትሰማው ከእርሱ አፍ ነውና።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ

ዋንጫው ለአንዱ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ተሸንፈው ይመለሳሉ። የተሸነፈው ዩኒቨርሲቲ ገጽ በዚያ ቀን የሚጽፈው አጭር ነገር ብዙ ይናገራል። አሸናፊውን እንኳን ደስ ያለህ ማለት፣ ተጫዋቾችን ማመስገን፣ ቡድኑ በየትኛው ቀንና በየት በኩል እንደሚመለስ መግለጽ ይበቃል። ዳኛን መክሰስ ወይም ሰበብ መደርደር ለዚያ ቀን ጭብጨባ ያስገኛል፤ ለነገ ግን አይተርፍም።

ከውድድሩ በኋላ ገጹ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጥሪ፣ የፈተና ቀን፣ የምርቃት ማስታወቂያ ይወጣበታል። በጨዋታው ሰሞን የመጡት አዳዲስ ተከታዮችም እነዚህን ያነባሉ። ውጤቱን ከፊርማ በኋላ ብቻ ሲያወጣ ያዩት፣ ሲሳሳት በግልጽ ሲያርም ያዩት፣ የተጎዳውን ልጅ ስም ከቤተሰቡ በፊት ለማንም ሳይናገር ያዩት ገጽ ስለ ጥሪ ቀኑም ሲናገር ያምኑታል።

በቀደመው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነበር። ነጋሪቱ ሕዝቡን ይጠራ ነበር እንጂ ያዳመጠው ሁሉ የሚጠብቀው ቃሉን ነበር። የዩኒቨርሲቲዎች ውድድርም ለገጹ እንደ ነጋሪት ነው፤ ሕዝቡን ይሰበስብለታል። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ደግሞ በአርብ ገበያ ወይም በወገዳ ሆና የልጇን ደኅንነት ለመስማት የምትጠባበቅ እናት አለች።